የተገልጋዮች መረጃ የሚያዝባቸው የሙከራና የዋና ሥርዓቶች አስተዳደር

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ መካኒሳ አቦ አካባቢ የሚኖር ነዋሪ ለፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ሲመዘገብ ስሙን፣ የትውልድ ዘመኑን፣ ፆታውንና የመኖሪያ አድራሻውን ይሰጣል፤ የአሥር ጣቶቹ አሻራ፣ የሁለት ዓይኖቹ አይሪስና የፊቱ ምስል ይወሰዳል። ከዚያ በኋላ የባንክ ሒሳብ ሲከፍት ወይም ከመንግሥት መሥሪያ ቤት አገልግሎት ሲጠይቅ ማንነቱ የሚረጋገጠው በዚሁ መረጃ ነው። ይህን መሰል መረጃ የሚያስተዳድር ተቋም ሁለት ሥርዓቶችን ጎን ለጎን ማቋቋም ይጠበቅበታል። አንደኛው የነዋሪው እውነተኛ መረጃ የሚያዝበትና አገልግሎት የሚሰጥበት ዋና ሥርዓት ሲሆን፣ ሁለተኛው ማንኛውም አዲስ አሠራር ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት የሚፈተሽበት የሙከራ ሥርዓት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር በአግባቡ ካልተጠበቀ ጉዳቱ መስኮት ላይ ቆሞ ተራውን የሚጠብቀውን ተገልጋይ በቀጥታ ያገኘዋል። ከዚህ በታች የሁለቱ ሥርዓቶች ምንነት፣ በኢትዮጵያ ሁኔታ ሊፈተሹ የሚገባቸው ጉዳዮች እንዲሁም ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች ቀርበዋል።

የሁለቱ ሥርዓቶች ምንነት

ዋናው ሥርዓት የሚባለው የተመዘገቡ ሰዎች መረጃ የተቀመጠበት፣ ባንኮችና ሌሎች አገልግሎት ሰጪዎች የማረጋገጫ ጥያቄ የሚያቀርቡበት፣ ለተገልጋዩ ስልክ መልእክት የሚላክበት ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት ላይ የሚፈጸም እያንዳንዱ ተግባር ሕጋዊ ውጤት አለው። አንድ ፊደል ቢለወጥ የአንድ ሰው ስም ተለወጠ ማለት ነው።

የሙከራ ሥርዓቱ በአሠራሩ ዋናውን እንዲመስል ተደርጎ ለብቻው ይደራጃል። በውስጡ የሚገኙት ሰዎች ግን የሌሉ ሰዎች ናቸው፤ ስማቸው፣ የትውልድ ቀናቸውና አሻራቸው ለፍተሻ ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ባለሙያዎች አዲስ ቅጽ ሲያዘጋጁ፣ የነበረ ስህተት ሲያርሙ ወይም አንድ ባንክ ከሥርዓቱ ጋር ሊያያዝ ሲፈልግ ሥራው የሚጀመረው እዚህ ነው። እዚህ ስህተት ቢፈጠር የሚጎዳ ሰው የለም፤ የሙከራ ሥርዓት የሚቋቋመውም ስህተቱ በዚያ እንዲገኝ ተብሎ ነው።

በትልልቅ ተቋማት በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ደረጃ ይጨመራል። ይህ የቅድመ ትግበራ ሥርዓት ሲሆን፣ በሰርቨር ዓይነት፣ በሶፍትዌር ስሪትና በአደረጃጀት ከዋናው ጋር እጅግ የተቀራረበ ሆኖ የመጨረሻው ልምምድ ይካሄድበታል። ስያሜው ከተቋም ተቋም ይለያያል።

የፋይዳ መሠረት የሆነው ሶፍትዌር

የብሔራዊ መታወቂያ ፕሮግራም የፋይዳን ሥርዓት የገነባው ሞሲፕ በተባለ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ላይ ነው። ሞሲፕ እ.ኤ.አ. በ2018 በህንድ ባንጋሎር በሚገኘው ዓለም አቀፍ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተጀመረ ሲሆን፣ ፊሊፒንስና ሞሮኮም ለብሔራዊ መታወቂያቸው መርጠውታል። ሶፍትዌሩ ክፍት ምንጭ በመሆኑ የትኛውም ተቋም የራሱን የሙከራ ቅጂ ማቆም ይችላል። እውነተኛ የአሻራ መቀበያ መሣሪያ ሳያስፈልግ መሣሪያውን የሚያስመስል ሶፍትዌር፣ እውነተኛ የአሻራ ማነጻጸሪያ ሳይኖር ማነጻጸሪያውን የሚያስመስል ፕሮግራም አብረውት ተዘጋጅተዋል።

በሞሲፕ አሠራር ምዝገባ ሲካሄድ መረጃው በመመዝገቢያው ኮምፒውተር ላይ ወዲያውኑ ይመሰጠራል፤ ኢንተርኔት ባይኖርም ምዝገባው ይቀጥላል፤ ግንኙነት ሲገኝ የተመሰጠረው ጥቅል ወደ ማዕከል ይላካል። በማዕከሉ የተመዝጋቢው አሻራና አይሪስ ቀደም ሲል ከተመዘገቡት ሁሉ ጋር ይነጻጸራል። ከዚህ በፊት ያልተመዘገበ መሆኑ ሲረጋገጥ ባለ 12 አኃዝ ልዩ ቁጥር ይሰጠዋል። አንድ ሰው አንድ ቁጥር ብቻ እንዲኖረው የሚያደርገው ይህ የማነጻጸር ሥራ ነው። የሙከራ ጥቅል በስህተት ወደ ዋናው ሥርዓት ቢገባ፣ ወይም የእውነተኛ ሰው ጥቅል ወደ ሙከራው ቢላክ ምን ሊከተል እንደሚችል ከዚህ መገመት ይቻላል። በመጀመሪያው ሁኔታ የሌለ ሰው ይመዘገባል፤ በሁለተኛው ደግሞ ተመዝግቤያለሁ ብሎ የሄደ ሰው ቁጥሩ ሳይደርሰው ይቀራል። ስለዚህም ነው የምዝገባ ኮምፒውተሮች ለየትኛው ሥርዓት እንደተዋቀሩ ተለይተው መያዝ ያለባቸው፤ ሥልጠና የተሰጠበት ኮምፒውተር ሳይጸዳ ለምዝገባ መውጣት የለበትም።

እውነተኛ መረጃ ለሙከራ የማይውልበት ምክንያት

ሶፍትዌር የሚፈትሽ ባለሙያ እውነተኛ መረጃ ቢያገኝ ሥራው እንደሚቀልለት አያጠያይቅም። እውነተኛው መረጃ በዓይነት የበዛ ነው፤ ሰው ቁጭ ብሎ ሊያስበው የማይችለውን ስህተት ይዞ ይመጣል። ከዋናው የመረጃ ቋት አንድ ቅጂ ወስዶ ወደ ሙከራው መገልበጥ በብዙ አገሮች ሲሠራበት የኖረ አቋራጭ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። አቋራጩ ግን አደገኛ ነው። የሙከራ ሥርዓት በባሕሪው ብዙ ሰው የሚገባበት ነው፤ ተቀጣሪ ባለሙያዎች፣ የውል ሠራተኞችና ሥርዓታቸውን የሚያገናኙ ድርጅቶች ይጠቀሙበታል። ጥበቃውም እንደ ዋናው የጠበቀ አይሆንም። የአንድ ጊዜ የይለፍ ኮድ ለሙከራ ሲባል ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር እንዲሆን ማድረግ፣ ለምሳሌ ስድስት ጊዜ የተደጋገመ 1፣ የተለመደ ነው። በዚህ በር ጀርባ የእውነተኛ ሰዎች መረጃ ሊቀመጥ አይችልም።

ባዮሜትሪክ ሲሆን ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። የይለፍ ቃል የተሰረቀበት ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ይለውጠዋል፤ አሻራው በማይገባ እጅ የገባበት ሰው ግን ሌላ ጣት የለውም።

ስሙን ብቻ ማጥፋትም በቂ መፍትሔ አይደለም። በመካኒሳ አቦ የምትኖር፣ በአንድ በታወቀ ቀን የተወለደች፣ የተወሰነ የቤት ቁጥር ያላት ሴት ስሟ ቢሰረዝም ጎረቤቶቿ ማን እንደሆነች ያውቃሉ። በመሆኑም ተመራጩ አሠራር ለሙከራ የሚውለውን መረጃ ከመነሻው ፈጥሮ ማዘጋጀት ነው።

ይህ አሠራር ሕጋዊ መሠረትም አለው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ፣ ለዚያ ዓላማ በሚያስፈልገው መጠን፣ ተገቢው ጥበቃ ተደርጎለት እንዲያዝ ይደነግጋል። የአዋጁን አፈጻጸም የመቆጣጠር ኃላፊነት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ነዋሪው አሻራውን የሰጠው መታወቂያ ለማግኘት ነው፤ የፕሮግራም ባለሙያዎች እንዲለማመዱበት አይደለም። የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015ም የተመዝጋቢው መረጃ ለሌላ አካል የሚተላለፍበትን አግባብ ከፈቃዱ ጋር አያይዞ ይደነግጋል።

በኢትዮጵያ ሁኔታ ሊፈተሹ የሚገባቸው ጉዳዮች

የተፈጠረ መረጃ የሚጠቅመው የአገሩን ሰው ሲመስል ነው። ከውጭ የመጣ ሶፍትዌር ስምና የቤተሰብ ስም ይጠብቃል፤ ሳምንቱንና ወሩን በራሱ አቆጣጠር ይቆጥራል፤ አድራሻ ሲል የመንገድ ስምና ቁጥር ማለቱ ነው። እነዚህ ሁሉ በሙከራ ሥርዓቱ ውስጥ ተፈትነው መስተካከል ያለባቸው ናቸው።

የመጀመሪያው ጉዳይ ስም ነው። በኢትዮጵያ የሰው ሙሉ ስም የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ተብሎ በሦስት ሳጥን ይሞላል። ችግሩ የሚመጣው ራሱ ሁለት ቃል የሆነ ስም ሲያጋጥም ነው። የመካኒሳ አቦን ስያሜ ብንወስድ፣ አቦ የሚባሉት ጻድቅ ሙሉ መጠሪያቸው አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ነው። በዚህ ዓይነት የተሰየመ ሰው፣ ወይም ገብረ መድኅን፣ ኃይለ ማርያም፣ ወልደ ሥላሴ የሚባል ሰው በአንዱ መሥሪያ ቤት ስሙ ተጣብቆ፣ በሌላው ተለያይቶ ይጻፍለታል። ሥርዓቱ ክፍተት ባገኘ ቁጥር አዲስ ሳጥን የሚጀምር ከሆነ «ገብረ» የሰውየው ስም፣ «መድኅን» የአባቱ ስም ሆኖ ይቀመጣል፤ የአያቱ ስም ደግሞ ቦታ አጥቶ ይቀራል። ይህን ሰው ባንኩ ሲጠይቅ «አይመሳሰልም» የሚል መልስ ይመጣል።

ከዚህ ጋር የተያያዘው የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። ኃይሉ፣ ሐይሉና ሀይሉ ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ሦስት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ሥዩምና ስዩም፣ ዓለሙና አለሙ፣ ፀሐይና ጸሀይም እንዲሁ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ሌላ መለያየት ይጨመራል፤ የ«ቀ»ን ድምፅ አንዱ ጸሐፊ በ«ኪው»፣ ሌላው በ«ኬ» ይወክለዋል። የልደት ምስክር ወረቀት፣ ፓስፖርትና የባንክ ደብተር በተለያዩ ዓመታት በተለያዩ እጆች የተጻፉለት ሰው በሦስቱም ላይ የተለያየ ስም ሊኖረው ይችላል። በሙከራ ሥርዓቱ ውስጥ እንዲህ ያሉ ስሞች ሆን ተብለው መግባት ያለባቸው ሥርዓቱ በቀላል የአጻጻፍ ልዩነት ሰውን እንዳይመልስ፣ በሌላ በኩልም ሁለት የተለያዩ ሰዎችን አንድ ናቸው እንዳይል ነው። ሁለቱን ማመዛዘን ቀላል አይደለም፤ አንዱን ሲያጠብቁት ሌላው ይላላል።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። «ስምንት ቀንስ» የሚለው የተለመደ ስሌት ዓመቱን ሙሉ አይሠራም። ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ በኢትዮጵያና በጎርጎርዮስ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ሰባት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ስምንት ይሆናል። ታኅሣሥ 10 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ልደቱ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 19 ቀን 1997 ሲሆን፣ ከአንድ ወር በኋላ ጥር 10 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደው ግን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 18 ቀን 1998 ነው። ሁልጊዜ ስምንት የሚደምር ፕሮግራም የመጀመሪያውን ሰው በአንድ ዓመት ያሳንሰዋል፤ ዕድሜው 18 ሞልቶ እያለ አልሞላም ሊባል ይችላል። ጳጉሜንም የራሷ ፈተና አላት። ጳጉሜን 6 በየአራት ዓመቱ አንድ ጊዜ ብቻ ትመጣለች፤ 1983፣ 2011 እና 2015 ዓ.ም. ስድስት ቀን የነበራቸው ዓመታት ናቸው። ጳጉሜን 6 ቀን 1983 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ልደቱ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 1991 ነው። አሥራ ሦስተኛ ወር የማያውቅ ቅጽ እንዲህ ያለውን ሰው ጨርሶ አይመዘግበውም፤ መዝጋቢው ሠራተኛም መውጫ ሲያጣ በግምት መስከረም 1 ብሎ ሊሞላለት ይችላል። ስህተቱ በዚህ መንገድ ሕጋዊ ሰነድ ይሆናል።

ቀጠሮ በሚሰጥ ሥርዓት ላይ ሰዓትም መፈተሽ አለበት። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተባለ ነዋሪ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ሶፍትዌሩ ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ብሎ ሊረዳው ይችላል።

ሦስተኛው አድራሻ ነው። «መካኒሳ አቦ» ታክሲ ረዳቱም ነዋሪውም የሚያውቀው አድራሻ ነው፤ በመንግሥት መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ግን ክፍለ ከተማ፣ ወረዳና የቤት ቁጥር ነው። የወረዳ ወሰንና ቁጥር በየጊዜው ሲሻሻል ኖሯል፤ ለምሳሌ ለሚ ኩራ በ2013 ዓ.ም. አሥራ አንደኛው ክፍለ ከተማ ሆኖ ሲደራጅ ከነባር ክፍለ ከተሞች የተወሰዱ አካባቢዎች አድራሻቸው ተለውጧል። ብዙ ነዋሪ ወረዳውን ዛሬም «ቀበሌ» ይለዋል፤ በእጁ ያለው ነባር ሰነድም ቀበሌ የሚል ሊሆን ይችላል። የቤት ቁጥር በሚለው ቦታ «አዲስ» ተብሎ የተጻፈላቸው ነዋሪዎችም በርካታ ናቸው። በዚህ ሳጥን ውስጥ አኃዝ ብቻ የሚቀበል ቅጽ ያዘጋጀ ባለሙያ እነዚህን ነዋሪዎች ሳያውቅ ከአገልግሎት ውጭ ያደርጋቸዋል።

የስልክ ቁጥርም አጭር ምሳሌ ይሆናል። ለረጅም ጊዜ የሞባይል ቁጥር ሁሉ በ09 ይጀምር ስለነበር በ09 ብቻ የሚጀምር ቁጥር የሚቀበሉ ቅጾች ተዘጋጅተው ነበር። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 አገልግሎት ሲጀምር በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮች መጡ። ቅጹ ካልተሻሻለ በ07 የሚጀምር ቁጥር የያዘ ተገልጋይ የማረጋገጫ መልእክት አይደርሰውም።

ለውጥ ወደ ዋናው ሥርዓት የሚገባበት መንገድ

በሙከራ የተረጋገጠ ለውጥ ወደ ዋናው ሥርዓት የሚያልፈው በጽሑፍ ጥያቄ ቀርቦ፣ ፕሮግራሙን ከጻፈው ባለሙያ ሌላ የሆነ ኃላፊ ሲያጸድቀው ነው። ከመግባቱ በፊት የዋናው መረጃ መጠባበቂያ ቅጂ ይወሰዳል፤ ለውጡ ችግር ቢያመጣ ወደ ነበረበት የሚመለስበት መንገድም አስቀድሞ ተጽፎና ተሞክሮ ይዘጋጃል። መጠባበቂያ ቅጂ መኖሩ ብቻውን አያስተማምንም፤ ቅጂው ተመልሶ እንደሚሠራ በሙከራ ሥርዓት ላይ ካልታየ እንዳለ አይቆጠርም። የሁለቱ ሥርዓቶች የይለፍ ቃሎችና የምስጠራ ቁልፎችም የተለያዩ መሆን አለባቸው።

በአገራችን የዚህ ጉዳይ ክብደት ለሕዝብ ጎልቶ የታየው መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በደረሰው ክስተት ነው። ባንኩ መደበኛ የሥርዓት ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ጋር በተያያዘ ችግር መፈጠሩን፣ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑንም ገልጿል። ደንበኞች በሒሳባቸው ውስጥ ከሌለ ገንዘብ ወጪ ማድረግና ማስተላለፍ ችለው የነበረ ሲሆን፣ ያለ አግባብ የተወሰደው ገንዘብ ወደ 801 ሚሊዮን ብር መሆኑን ባንኩ አሳውቋል። በማግሥቱ ቅዳሜ አገልግሎት ተቋርጦ ቆይቷል፤ ገንዘቡን የማስመለስ ሥራም ለሳምንታት ቀጥሏል። ክስተቱ በዋና ሥርዓት ላይ የሚደረግ ሥራ በሰዓታት ውስጥ የት ድረስ እንደሚደርስ አሳይቷል።

የብሪታንያው ቲኤስቢ ባንክ ያጋጠመው ሌላ ገጽታ አለው። ባንኩ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2018 የደንበኞቹን መረጃ ወደ አዲስ ሥርዓት ሲያዛውር እስከ 1.9 ሚሊዮን የሚደርሱ ደንበኞች ሒሳባቸውን ማንቀሳቀስ አልቻሉም። በኋላ በተደረገው ማጣራት አዲሱ ሥርዓት ሁለት የመረጃ ማዕከላት የነበሩት ቢሆንም የአቅም ፍተሻው የተካሄደው በአንዱ ላይ ብቻ እንደነበር ታውቋል። ሙከራ ተደርጓል፤ የተሞከረው ግን አገልግሎት የሚሰጠውን ሥርዓት በሙሉ የሚወክል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 ተቆጣጣሪ አካላት በባንኩ ላይ 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት ጥለዋል።

ከሥርዓቱ ጋር የሚገናኙ ተቋማትም በዚሁ መንገድ ያልፋሉ። ደንበኞቹን በፋይዳ መለየት የሚፈልግ ተቋም መጀመሪያ ከሙከራ ሥርዓቱ ጋር ይገናኛል፤ በተፈጠሩ ሰዎች መረጃ ጥያቄ ይልካል። ለትክክለኛ አሻራ «ይመሳሰላል»፣ ለሌላ ሰው አሻራ «አይመሳሰልም» የሚል መልስ ማግኘቱ፣ የአንድ ጊዜ ኮዱ ጊዜው ሲያልፍ መሻሩ፣ ተገልጋዩ ፈቃዱን ሳይሰጥ ስሙና አድራሻው አለመተላለፉ ይረጋገጣል። ከዚህ በኋላ ነው የዋናው ሥርዓት ቁልፍ የሚሰጠው።

ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

የዋና ሥርዓት ማሻሻያ አብዛኛውን ጊዜ ተገልጋይ በሚቀንስበት ሰዓት፣ በሌሊት ወይም በዕረፍት ቀን ይካሄዳል። በመሆኑም አገልግሎቱ ለተወሰነ ጊዜ እንደሚቋረጥ አስቀድሞ ከተነገረ አስቸኳይ ጉዳይ ያለው ተገልጋይ ከዚያ በፊት ቢያጠናቅቅ ይመረጣል። ማሻሻያ በተካሄደ ማግሥት መስኮት ላይ ያልተለመደ መልስ ያገኘ ተገልጋይ መልሱ የወጣበትን ቀንና ሰዓት መዝግቦ ቢያመለክት ባለሙያዎች ምክንያቱን በቶሎ ያገኙታል።

በሚሰጥ ወረቀት ወይም በስልክ መልእክት ላይ «ሙከራ» ወይም «ናሙና» የሚል ቃል ካለ፣ ሰነዱ ከሙከራ ሥርዓት የወጣ በመሆኑ ለየትኛውም አገልግሎት አያገለግልም፤ ተገልጋዩ ወዲያውኑ ለተመዘገበበት ጣቢያ ማሳወቅ ይኖርበታል። በስልኩ የደረሰውን የአንድ ጊዜ ኮድ «ሥርዓቱን እየሞከርን ስለሆነ ንገሩን» ለሚል ደዋይ መስጠት የለበትም። ሙከራ በእውነተኛ ተገልጋይ ስልክ ስለማይካሄድ እንዲህ ያለው ጥሪ የማጭበርበር ሙከራ ነው።

ስሙ ወይም የትውልድ ቀኑ ተሳስቶ የተመዘገበ ሰው ዳግመኛ መመዝገብ አይኖርበትም። አሻራው ቀድሞ ከተመዘገበው ጋር ስለሚገጥም ሁለተኛው ምዝገባ ውድቅ ይሆናል። ትክክለኛው መንገድ እርማት መጠየቅ ሲሆን፣ ለዚህም የልደት ምስክር ወረቀት ወይም ትክክለኛውን መረጃ የሚያስረዳ ሌላ ሕጋዊ ሰነድ ይዞ መቅረብ ያስፈልጋል። ስለ ራስ የተያዘን መረጃ የማወቅና የተሳሳተውን የማሳረም መብት በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 የተረጋገጠ ነው። ምዝገባው ሲጠናቀቅ መዝጋቢው ሠራተኛ የተሞላውን መረጃ በስክሪን እንዲያሳይ መጠየቅ ይቻላል፤ በተለይ ስማቸው ሁለት ቃል የሆነና በጳጉሜን ወይም በታኅሣሥ የተወለዱ ነዋሪዎች ይህን ቢያደርጉ ይጠቀማሉ።

የመካኒሳ አቦ ነዋሪዎች የነዋሪነት መታወቂያን፣ የልደትና የጋብቻ ምዝገባን የሚመለከቱ ጥያቄዎችን ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የሲቪል ምዝገባና የነዋሪነት አገልግሎት ኤጀንሲ በሚኖሩበት ወረዳ ጽሕፈት ቤት በኩል ያቀርባሉ። ፋይዳን የሚመለከቱት ደግሞ ለብሔራዊ መታወቂያ ፕሮግራም ወይም ለተመዘገቡበት ጣቢያ ይቀርባሉ። ሁለቱ መታወቂያዎች የተለያዩ ናቸው፤ ፋይዳ የአንድን ሰው ማንነት ያረጋግጣል እንጂ ነዋሪነትን ወይም ዜግነትን አያረጋግጥም። በአንዱ ላይ የተደረገ እርማት በሌላው ላይ መፈጸሙን ተገልጋዩ ራሱ ማረጋገጥ ይኖርበታል።